እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እና የሰው አገር ደስታ

 

በዚህች የመስጊዳችን የመታሰቢያ መጽሔት ከምእመናን እናቶች የአንዷን ታሪክ ልናቀርብላችሁ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማችን አቦምሳ ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች የደመቀች ናት። በጁምዓ ሰልፍ ከጎናችሁ የሚቆመው ወንድም እዚሁ የተወለደ የአርሲ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ወይም አያቱ ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ ወይም ከሐረር ለንግድና ለሥራ የመጡም ሊሆኑ ይችላሉ። በአንጻሩ ደግሞ ከዚሁ ከመርቲና ከአጎራባች ወረዳዎች ስንትና ስንት ልጆቻችን ወደ ጂዳና ሪያድ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። እነዚህ ልጆች በያሉበት የሰው አገር በዓል ይደርስባቸዋል። መስከረም 13 ቀን ሳዑዲ ዐረቢያ ብሔራዊ ቀኗን ስታከብር፣ መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ባንዲራ ሲለብስ፣ እዚያ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ያንን ቀን በምን ልብ ትውለው? የእኔም ነው ትበል ወይስ አይመለከተኝም ትበል?

በዚህ ነገር ላይ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን እንግዳ የሆነ ሰው የአገሬውን ቀን ማክበሩ ማስመሰል ነው፣ ልቡ ያለው ተወልዶ ባደገበት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እንጀራ የበላህበትን አገር ቀን ካላከበርክ ውለታ ቢስ ነህ ይላል። እኛ ፈትዋ ለመስጠት አልተቀመጥንም፤ ያ የዑለማእ ድርሻ ነው። ነገር ግን በሰው አገር፣ ያውም በዚችው በእኛ አገር፣ በስደት ኖረው የአገሬውን የጭንቅ ቀንና የደስታ ቀን አብረው ያሳለፉ እናት አሉን። ያዩትን በአንደበታቸው ባይናገሩት ኖሮ ዛሬ ከነዝርዝሩ ባልደረሰን ነበር።

ስማቸው ሂንድ ነው። በሀብትና በክብር ስሙ ከገነነው ከቁረይሾች የመኽዙም ጎሳ የተወለዱ ናቸው። አባታቸው አቡ ኡመያ በለጋስነታቸው የታወቁ ስለነበሩ የመንገደኛ ስንቅ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ ከእርሳቸው ጋር የተጓዘ ሰው ስንቅ መያዝ አያስፈልገውም ነበርና። ባለቤታቸው አቡ ሰለማ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአክስት ልጅና የጡት ወንድም ነበሩ። ባልና ሚስቱ እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት ጥቂት ሰዎች መካከል ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው ያወጣቸው ረሃብ አልነበረም። ስደተኛ ሁሉ እንጀራ ፈላጊ ነው ብለው የሚፈርዱ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

በመካ መከራው ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ምድር መሯቸው። እዚያ በፊቱ ማንም የማይበደል ንጉሥ እንዳለም ነገሯቸው። ዘመኑ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ከወጡት ከአሥር ጥቂት ከሚበልጡ ወንዶች ጋር አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱ አንዷ ኡሙ ሰለማ ናቸው። ከጂዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴዎች መርከብ ተሳፍረው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ዛሬ ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩት ያንኑ ባሕር ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመካ ሰዎች እስልምናን ተቀበሉ የሚል ወሬ ደረሳቸውና ተመለሱ። ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲያገኙት ዳግመኛ ተሰደዱ። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ወንዶቹ ብቻ ሰማንያ ሦስት ያህል ደረሱ።

በሐበሻ ምድር ያገኙት ኑሮ ኡሙ ሰለማ በኋላ እንዳወሱት የሰላም ኑሮ ነበር። በሃይማኖታቸው የሚነካቸው፣ ክፉ ቃል የሚያሰማቸው አልነበረም። ቁረይሾች ግን ይህ ሰላም አላስተኛቸውም። ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ለንጉሡና ለመኳንንቱ ከተመረጠ ቆዳ ጋር ላኩ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ለመኳንንቱ ለእያንዳንዳቸው ስጦታ አከፋፈሉ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ አሳልፈው እንዲሰጧቸው ምክር እንዲሰጡላቸውም ተማጠኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር አለ። ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓ የኡሙ ሰለማ የአጎት ልጅ ነበር። ስደተኛዋን በሰንሰለት ሊመልስ የመጣው የገዛ ሥጋዋ፣ ሊያስጠጋት የወሰነው ደግሞ ቋንቋዋን እንኳ የማይናገር ንጉሥ!

ንጉሡ ነጃሺ ግን የተጠጋን ሰው ሳይሰሙ አሳልፎ መስጠትን አልተቀበሉም። ስደተኞቹን አስጠሩ። በእነርሱ ስም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ቆመው ስለ ቀድሞ ድንቁርናቸው፣ ስለ ነቢዩ መላክ፣ ስለ እውነተኝነት፣ ዝምድናን ስለ መቀጠልና ጎረቤትን ስለ ማክበር ተናገሩ። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ሲያነቡም ንጉሡና ቀሳውስቱ አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ስደተኞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። የአጎታቸው ልጅ ዐብዱላህ ይህን እንዳያደርግ ሊከለክለው ሞክሮ ነበር፤ ቢለዩንም ዘመዶቻችን ናቸው በሚል ስሜት። ስደተኞቹ ያን ሌሊት ተጨንቀው መከሩ። በመጨረሻም እንግድነታቸውን ለማትረፍ ብለው አንዲት ቃል እንኳ ላይቀይሩ ተስማሙ። ጃዕፈር ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ መንፈሱና ወደ መርየም የጣላት ቃሉ መሆናቸውን ነቢዩ እንዳስተማሯቸው ተናገሩ። መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ለስደተኞቹ ዋስትና ሰጡ፤ የቁረይሾችን ስጦታም መለሱ።

ውድ አንባቢያን! እስከዚህ ያለውን ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳም በቤትም ሰምተነዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግን በእኛ አስተያየት ከሚገባው በታች የሚነገር ነው።

ስደተኞቹ በዚህ ሰላም ውስጥ ሳሉ ከሐበሾች መካከል አንድ ሰው በንጉሡ ላይ ተነሳ፤ ዙፋኑን ሊነጥቅ ጦር አሰለፈ። ኡሙ ሰለማ በሕይወታቸው ከዚያን ጊዜ የበለጠ ሐዘን ሰዎቹን እንዳልደረሰባቸው መስክረዋል። ያ ሰው ቢያሸንፍ ነጃሺ ያወቁላቸውን መብት አያውቅላቸውም ብለው ሰጉ። ንጉሡ ጦራቸውን ይዘው ወጡ። በሁለቱ መካከል ዘገባው ኒል የሚለው ታላቅ ወንዝ ነበር።

ስደተኞቹ በዚህ ዳር ቆመው ምን ያድርጉ? የጦር መሣሪያ የላቸውም፤ በጦርነቱ ግቡ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ይህ የአገሬው ጠብ ነው፣ የቆምነው ለእንግድነት ነው ብለው በየቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። እነርሱ ግን ተሰብስበው ውጊያውን አይቶ ወሬ የሚያመጣ ሰው ፈለጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ወጣት የነበሩት ዙበይር ኢብን አል-ዐዋም (ረ.ዐ.) እሄዳለሁ ብለው ተነሱ። ስልቻ በአየር ነፍተው ሰጧቸው። ዙበይርም ስልቻውን ከደረታቸው በታች አድርገው እየዋኙ ወንዙን ተሻገሩ፤ ሁለቱ ጦሮች ወደሚገናኙበት ቦታም ደረሱ። የቀሩት ደግሞ በዚህ ዳር እጃቸውን ዘርግተው ነጃሺ ጠላታቸውን እንዲያሸንፉ፣ በአገራቸውም ላይ ሥልጣናቸው እንዲጸና ለአላህ ዱዓ አደረጉ።

ይህን እስኪ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። በባዕድ አገር ወንዝ ዳር የቆሙ ዐረቦች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ለሐበሻ ንጉሥ ድል እጃቸውን ዘርግተው! ዱዓቸውን ሳይጨርሱ ዙበይር ልብሳቸውን በእጃቸው እያውለበለቡ ከሩቅ ሲሮጡ ታዩ፤ ነጃሺ ማሸነፋቸውን፣ ጠላታቸውም መጥፋቱን አበሰሩ። ኡሙ ሰለማ እንዳወሱት ያን ዕለት የተደሰቱትን ያህል የተደሰቱበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በኋላም የነጃሺ መንግሥት ጸንቶ በአስተማማኝ ሁኔታ ኖሩ።

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። ያ የድል ቀን የሐበሾች ቀን ነበር። ስደተኞቹ በደስታው የገቡት ግን ተጠርተው አይደለም፤ በጭንቁ አስቀድመው ገብተው ስለነበር ነው። ስለዚህ በእኛ አመለካከት የሰው አገር ቀን ለእንግዳ የሚሆነው በባንዲራ ብዛት አይደለም። አገሬው ሲታመም ያልታመመ እንግዳ አገሬው ሲጨፍር ቢጨፍር ያው ጭፈራ ብቻ ነው። ዙበይርን እናስብ፤ ልብሳቸውን ያውለበለቡት ወንዙን በስልቻ ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ለንጉሡ ድል የተደሰቱት ሃይማኖታቸውን አደባልቀው አይደለም። ከዚያ በፊት በዚያው ንጉሥ ፊት ቆመው ቃላቸውን አልለወጡም፤ አንገታቸው ላይ ሰይፍ ሊያርፍ እንደሚችል እያወቁ። የአገር ሰላም ሲጸና መደሰትና የሌላን ሃይማኖት ሥርዓት መፈጸም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእኛ በላይ ያውቁ ነበር። በዚህ ዘመን አንዳንድ ወንድሞች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲከራከሩ እንሰማለን። ይህን የወንዝ ዳር ዱዓ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አናውቅም።

ደግሞም ታማኝነቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በሌላ ጊዜ በነጃሺ ላይ አመፅ ሲነሳ ንጉሡ ለጃዕፈርና ለባልደረቦቻቸው መርከቦች አዘጋጁላቸው፤ ከተሸነፉ ወደ ወደዱበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፉ ግን ባሉበት እንዲቆዩ አሏቸው። በራሳቸው ዙፋን ላይ ሰይፍ ተመዝዞ ሳለ የእንግዶቻቸውን ማምለጫ ያሰቡ ንጉሥ ናቸው። የስደተኞቹ ደስታ የበቀለው ከዚህ ዓይነቱ መሬት ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ያፈሩትን ንብረት ጥለው ባዶ እጃቸውን ሲገቡ አይተናል። ከዚያ ዓይነት ነገር በኋላ አንዲትን እህት በመስከረም 13 ለምን አትደሰቺም ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይመስለንም። ቃል የገባችበትን ሥራ በታማኝነት ትሥራ፣ ሕጉን ታክብር፣ የአገሬውን ሰው በመልካም ታነጋግር፤ ይህ ከማንም ሙስሊም የሚጠበቅ ነው። ደስታ ግን በትእዛዝ አይመጣም። የኡሙ ሰለማ ሐዘንም ደስታም የተነሳው መብታችንን ያውቃል ከሚሉት ንጉሥ ነበር።

ወደ ሕይወት ታሪካቸው እንመለስ። ኡሙ ሰለማና አቡ ሰለማ ከሐበሻ ወደ መካ ተመለሱ። ወደ መዲና ለመሰደድ ሲነሱ ደግሞ ከስደት ሁሉ የከፋው ደረሰባቸው። የመኽዙም ሰዎች ልጃችን ከእናንተ ጋር በየአገሩ አትንከራተትም ብለው ኡሙ ሰለማን ከባላቸው እጅ ነጠቁ። የአቡ ሰለማ ወገኖች ደግሞ ተቆጥተው ሕፃኑን ሰለማን ከእናቱ ነጠቁ፤ በጉተታው የልጁ እጅ ወለቀ። ባልየው ወደ መዲና ሄዱ፤ እናት አንድ ዓመት ያህል በየቀኑ ወደ አብጠሕ እየወጡ ሲያለቅሱ ይመሹ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዘመዳቸው አዝኖ አማላጅ ሆነላቸውና ተፈቀደላቸው፤ ልጁም ተመለሰላቸው። ግመላቸው ላይ ልጃቸውን አቅፈው ብቻቸውን ወጡ። ተንዒም ላይ ዑስማን ኢብን ጠልሓ አገኟቸው። ያን ጊዜ ገና እስልምናን አልተቀበሉም። ነገር ግን አንዲት ሴት ከልጅ ጋር በበረሃ ብቻዋን ስትሄድ መተው አልሆነላቸውም፤ የግመሉን ልጓም ይዘው፣ በየማረፊያው ራቅ ብለው እየተኙ፣ እስከ ቁባእ መንደር ድረስ አደረሷቸውና ተመልሰው ወደ መካ ሄዱ። ኡሙ ሰለማ የእኒህን ሰው ጨዋነት ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም። ውለታን ለማስታወስ ባለውለታው የራስ ወገን መሆን አለበት ብለው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

በመዲና አቡ ሰለማ በበድር ተዋጉ፤ በኡሑድ ቆሰሉ። ቁስሉ ዳነ ሲባል አመርቅዞ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞቱ። አራት ልጆች ይዘው የቀሩትን ኡሙ ሰለማን በዚያው ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገቧቸው። በ6ኛው ዓመት በሑደይቢያ ስምምነት ባልደረቦች ልባቸው ተሰብሮ መሥዋዕታቸውን ለማረድ እግራቸው አልነሳ ሲላቸው፣ ነቢዩ ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱና ጠጉራቸውን እንዲላጩ የመከሩት እኒሁ እናት ናቸው። ነቢዩም እንደተመከሩት አደረጉ፤ ሰዎቹም ይህን ሲያዩ ተነሱ።

በዚያው በመዲና ነገሩ ተገልብጦ ታየ። አሁን ባለ አገሮቹ ሙስሊሞቹ፣ እንግዶቹ ደግሞ ሐበሾች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ ሐበሾች በመምጣታቸው ተደስተው በጦር እንደተጫወቱ አነስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። በአንድ የዒድ ቀንም ሐበሾች በነቢዩ መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ጀርባ ሆነው እስኪጠግቡ ተመልክተዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሊከለክሏቸው ሲሞክሩ ነቢዩ ተዋቸው አሉ። እንግዳው በባለ አገሩ በዓል ላይ በራሱ አገር ጨዋታ እንዲደሰት ተፈቀደለት ማለት ነው። የዐረብ ጭፈራ ካልቻልክ ዒዳችን ውስጥ አትግባ ያለው አልነበረም።

ይህ ነጥብ እኛን በጣም ይነካናል። ምክንያቱም እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በገዛ አገራችን እንግዳ ተብሎ መቆጠርን እናውቃለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወደቁትን ስንቆጥር ሙስሊሞች አሉበት፤ ሚያዝያ 27 የሚታሰበው ድልም ያለ ሙስሊም አርበኞች አልተገኘም። ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን የምንጠራው በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች በሚል ስም ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መባል እንኳ ትግል ጠይቋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ሲወጣ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል እንዲሆኑ ነበር። ክርስቲያን ወንድሞችም በሰልፉ አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ። ከዚያ በፊት ለዒድ ሶላት ከሥራ ፈቃድ ይለምን የነበረ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘግቶለት ያከብራል። የአገር ቀን የእኛም ነው የሚል ስሜት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። እንግዲህ ዛሬ ወደ አቦምሳ ለንግድ ወይም ለእርሻ ሥራ ከሩቅ ለሚመጣው ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ በዒዳችን ዕለት ደጃችን ክፍት ይሁን አይሁን የእኛው ጉዳይ ነው።

በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነጃሺ ሞቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሞታቸውን ዜና በዚያው ዕለት ለባልደረቦቻቸው ነገሩ፤ አሰልፈዋቸውም በሩቅ ሆነው የጀናዛ ሶላት ሰገዱባቸው። በ11ኛው ዓመት ደግሞ ነቢዩ በመጨረሻው ሕመማቸው ተኝተው ሳለ ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.)፣ ሁለቱም የሐበሻ ስደተኞች የነበሩ እናቶች፣ በዚያ ምድር ያዩትን ማርያ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አነሱ፤ ስለ ውበቷና በውስጧ ስለነበሩት ሥዕሎች ተጫወቱ። ነቢዩ ራሳቸውን ቀና አድርገው በደጋግ ሰዎች መቃብር ላይ የአምልኮ ቤት ከመሥራትና ሥዕል ከማኖር አስጠነቀቁ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ እኛም እንይዘዋለን። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በሐዘን በተጨነቀ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ እናቶች የሚያስታውሱት የሐበሻን ምድር እንደነበርም ሳናስተውል አንለፍ።

ኡሙ ሰለማ ከነቢዩ ባለቤቶች ሁሉ መጨረሻ የሞቱት ናቸው። በቁጥር 378 ሐዲሶች ከእርሳቸው ተላልፈዋል፤ በመዲና ታላላቅ ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ በ60ዎቹ ዓመተ ሂጅራ መጀመሪያ ገደማ ዐረፉና በበቂዕ ተቀበሩ። ከጥንት የታሪክ ዘጋቢዎች መካከል ሴት ልጃቸው ዘይነብ በሐበሻ ምድር ተወለደች የሚሉ አሉ። ይህች ልጅ በነቢዩ ቤት አድጋ በዘመኗ ከመዲና ሴቶች ሁሉ በፊቅህ ዕውቀት የላቀች ሆነች። በ73ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትሞት ጀናዛዋን ከሸኙት መካከል ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ነበሩ።